ቋሚ አድራሻ ያለው የኢንተርኔት መስመር ሲቋረጥ ምን እናድርግ?



በዚህ እትም የምናቀርበው ጽሑፍ የኢንተርኔት መስመር ሲበላሽ ምክንያቱን ስለምናገኝበት ዘዴ ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የባለሙያ ሥራ ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ዛሬ የስደተኛው ኑሮ ከዚህ መስመር ጋር የተሳሰረ ሆኗል። የቤተሰብ ድምፅ የሚሰማው፣ የርቀት ትምህርት የሚከታተለው፣ የፈተና ውጤት የሚታየው፣ ስለ ጉዳያችን የሚላክልን የኢ-ሜይል መልእክት የሚነበበው በዚሁ ነው። መስመሩ በተቋረጠበት ሳምንት የተላከ የቀጠሮ መልእክት ሳይነበብ ቢያልፍ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

በጁባ ከተማ በስተምዕራብ በሚገኘው የጉዴሌ ሠፈር ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ከካምፕ ወደ ከተማ የሚወጣውም ሰው ዘመድ ቤት ጎራ ብሎ ኢ-ሜይሉን የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው። በአንዳንድ ግቢዎች ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው፣ ጣሪያ ላይ አንቴና አስተክለው፣ አንድ መስመር በጋራ ይጠቀማሉ። እንዲህ ያለው መስመር ብዙውን ጊዜ ቋሚ አድራሻ ተሰጥቶት የሚሠራ ነው። መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ግን በመጀመሪያ የሚደረገው ነገር ራውተር ከሚባለው ሣጥን በስተኋላ ባለችው ቀዳዳ መርፌ አስገብቶ መጫን ነው። ይህ ድርጊት በቋሚ አድራሻ መስመር ላይ ትንሹን እክል ወደ ትልቅ ብልሽት ይለውጠዋል። ለምን እንደሆነና በምትኩ ምን ማድረግ እንደሚገባ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

ሀ/ አድራሻ ማለት ምንድን ነው?

በኢንተርኔት ላይ ያለ ማንኛውም መሣሪያ መልእክት ለመላክና ለመቀበል አድራሻ ያስፈልገዋል። ይህም አይ ፒ አድራሻ ይባላል። በብዛት በምንጠቀምበት ዓይነት፣ አድራሻው በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ሊሆን ይችላል። ከዚህ የተነሣ በጠቅላላው ሊኖሩ የሚችሉት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው። እነዚህ ለዓለም ሕዝብ አልበቁም። ከዓለም አቀፉ ማዕከል ለየአህጉሩ የሚታደለው የመጨረሻ ድርሻ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 አልቋል። ለአፍሪካ የደረሰውን ድርሻ ለኩባንያዎች የሚያከፋፍለው በሞሪሸስ የሚገኘው አፍሪኒክ የተባለው ድርጅት ነው። የውጭ ቋሚ አድራሻ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው እጥረት ነው።

አድራሻዎች በሁለት ይከፈላሉ፤ የውጭና የውስጥ ተብለው። የውጭ አድራሻ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። የውስጥ አድራሻ ግን በየቤቱና በየቢሮው ተደጋግሞ ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ደንብ መሠረት በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትና በ192.168 የሚጀምሩት ለውስጥ አገልግሎት የተተዉ ናቸው። በስልካችሁ ላይ 192.168 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ካያችሁ ይህ ራውተሩ ለቤት ውስጥ የሰጣችሁ ነው ማለት ነው።

አድራሻ የሚሰጥበት መንገድም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተለዋዋጭ ነው። መሣሪያው ሲከፈት አድራሻ ይጠይቃል፤ ይሰጠዋል። ይህ እንደ አልቤርጎ ክፍል ነው፤ ዛሬ 7 ቁጥር ያደረ ሰው ነገ 12 ቁጥር ሊያድር ይችላል። ኢንተርኔት በአዲስ አበባ ለሕዝብ አገልግሎት በተከፈተበት በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) በስልክ መስመር ደውሎ ለሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ በየጥሪው ሌላ አድራሻ ይሰጠው ነበር። ሁለተኛው ቋሚ አድራሻ ነው። ይህ እንደ ግል ይዞታ ቦታ ነው፤ ቁጥሩ አይለወጥም። ከሩቅ ሆኖ የግቢ ካሜራ ለማየት፣ ሁለት ቢሮዎችን ለማገናኘት፣ የራስን ኮምፒዩተር ከውጭ ለመክፈት የሚፈልግ ሰው ቋሚ አድራሻ ይወስዳል። በአንቴና የሚያገናኙ አንዳንድ ኩባንያዎች ደግሞ ደንበኛው ባይጠይቅም እንኳ መስመሩን በቋሚ አድራሻ ይተክሉታል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዋና ነገር አለ። በተለዋዋጩ መንገድ ራውተሩ ቁጥሮቹን ራሱ ጠይቆ ያገኛል። በቋሚው መንገድ ግን የሚነግረው የለም፤ ሰው በእጁ ይጽፍለታል። የጻፍንለትን ከረሳ ወይም የተሳሳተ ቁጥር ከጻፍንለት በራሱ አስተካክሎ ሊገናኝ አይችልም።

ለ/ ራውተሩ ማወቅ ያለበት አራት ነገር

ለመግለጫ ያህል ለማስተማሪያ ብቻ ተብለው የተለዩትን፣ የማንም ደንበኛ ያልሆኑትን የሚከተሉትን ቁጥሮች እንውሰድ።

አይ ፒ አድራሻ፦ 203.0.113.10
ማስክ፦ 255.255.255.248
ጌትዌይ፦ 203.0.113.9
ዲ ኤን ኤስ፦ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1

አይ ፒ አድራሻው የቤታችን ቁጥር ነው። ማስኩ የብሎካችን ወሰን ነው። ጉዴሌ በብሎክ እንደሚከፈል ሁሉ አድራሻዎችም በቡድን በቡድን ይከፈላሉ። 255.255.255.248 የሚለው ማስክ በቡድኑ ውስጥ 8 ቁጥሮች አሉ ማለት ነው፤ በምሳሌያችን መጨረሻቸው ከ8 እስከ 15 የሆኑት ናቸው። የመጀመሪያው 8 የቡድኑ መጠሪያ ስለሆነ፣ የመጨረሻው 15 ለሁሉም በአንድነት መልእክት ማስተላለፊያ ስለሆነ ለመሣሪያ አይሰጡም። ለመሣሪያ የሚቀሩት ከ9 እስከ 14 ያሉት 6 ናቸው። ጌትዌይ የብሎኩ መውጫ በር ነው፤ የኩባንያው መሣሪያ የሚገኝበት አድራሻ ነው። ከብሎኩ ውጭ የሚሄድ መልእክት ሁሉ በዚያ ያልፋል። ዲ ኤን ኤስ ደግሞ ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ማውጫ ነው። እኛ የምንጽፈው ስም ነው፤ መስመሩ የሚያውቀው ግን ቁጥር ብቻ ስለሆነ በመካከል አንድ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ኩባንያው የራሱን ዲ ኤን ኤስ ይሰጣል። 8.8.8.8 እ.ኤ.አ. በ2009 በጉግል፣ 1.1.1.1 ደግሞ በ2018 በክላውድፌር ለሁሉም ሰው በነፃ የተከፈቱ ናቸው።

ከዚህ ማየት እንደሚቻለው፣ ጌትዌዩን 203.0.113.9 በማለት ፈንታ 203.0.113.19 ብለን ብንጽፍ ቁጥሩ ከብሎካችን ወሰን ውጭ ይሆናል። ራውተሩም በሩን ስለማያገኘው የትም አይሄድም። ከአንድ አሐዝ የተነሣ ግቢው በሙሉ ያለ መስመር ይቀራል።

ሐ/ ብልሽቱን ከቅርብ ወደ ሩቅ መፈለግ

ውሃ ሲቋረጥ በመጀመሪያ የምናየው የራሳችንን ቧንቧ ነው፤ ቀጥሎ የግቢውን፣ ከዚያ በኋላ የመንደሩን። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች ሳይዘለሉ በተራ ይሠሩ።

1ኛ/ ኤሌክትሪክና ገመድ። የራውተሩ መብራቶች በርተዋል? ማስተላለፊያው ላይ የተጻፈው ቮልት ራውተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ነው? አንዱ 9 ሌላው 12 ቮልት ሊሆን ስለሚችል የጎረቤት ማስተላለፊያ አምጥቶ መሰካት አይገባም። ከአንቴናው የሚመጣው ገመድ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቀዳዳ ባለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሣጥን በኩል ያልፋል፤ አንደኛው ቀዳዳ ወደ አንቴናው፣ ሁለተኛው ወደ ራውተሩ ነው። ሁለቱ ቢቀያየሩ መስመሩ አይሠራም፤ መሣሪያም ሊጎዳ ይችላል። ወደ ራውተሩ የሚገባው ገመድ ዋን የሚል ጽሑፍ ባለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ ከሌሎቹ በተለየው ቀዳዳ ይግባ፤ ሲገባም ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማ። ጄኔሬተር ጠፍቶ ከተነሣ በኋላ የተበላሸ መስመር ካለ ሁሉንም አጥፍቶ፣ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ፣ በመጀመሪያ አንቴናውን ቀጥሎ ራውተሩን ማብራት ይጠቅማል። ከኤሌክትሪክ ነቅሎ መልሶ መሰካት የተጻፉትን ቁጥሮች አያጠፋም። ቁጥሮቹን የሚያጠፋው መርፌ የሚገባባት ቀዳዳ ናት።

2ኛ/ የአንድ ሰው ነው ወይስ የሁሉም? የአንድ ሰው ስልክ ብቻ ካልሠራና የሌሎቹ ከሠራ ራውተሩን አትንኩ። እክሉ ያለው ስልኩ ላይ ነው።

3ኛ/ ከኮምፒዩተር እስከ ራውተር። ፒንግ የሚባለው መሞከሪያ አንድን አድራሻ «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር የዊንዶውስን ምልክትና አር የሚለውን ፊደል አንድ ላይ ተጭኖ፣ በሚመጣው ሣጥን ሲ፣ ኤም፣ ዲ የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፎ ማስገባት ነው። በሚከፈተው ጥቁር ገጽ ላይ ፒንግ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ክፍት ቦታ ትቶ፣ የራውተሩን የውስጥ አድራሻ መጻፍ ይቻላል። ይህም ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ሲሆን ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። መልስ ከመጣ እስከ ራውተሩ ያለው መንገድ ደኅና ነው። ካልመጣ ብልሽቱ በዋይፋዩ ወይም በቤት ውስጥ ገመዱ ላይ ነው። የኮምፒዩተሩ አድራሻ 169.254 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው።

4ኛ/ ከራውተሩ እስከ ጌትዌይ። በኢንተርኔት መክፈቻው የአድራሻ ቦታ ላይ የራውተሩን የውስጥ አድራሻ ጽፎ፣ የመግቢያ ስምና የሚስጥር ቃሉን አስገብቶ፣ ዋን የሚለውን ክፍል መክፈት ነው። እዚያ የሚታዩት ቁጥሮች በወረቀት ከያዝናቸው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከሩ። የግንኙነቱ ዓይነት ስታቲክ አይ ፒ መሆኑም ይረጋገጥ። ትክክል ከሆኑ ጌትዌዩን ፒንግ ማድረግ ነው። መልስ ከመጣ አንቴናችን ከኩባንያው ጋር ተገናኝቷል። ካልመጣ ግን ለፍርድ አንቸኩል፤ አንዳንድ ኩባንያ ጌትዌዩ ለፒንግ እንዳይመልስ ያደርጋልና የሚቀጥለውን ደረጃ እንሞክር።

5ኛ/ ወደ ውጭው ዓለም። 8.8.8.8ን ፒንግ ማድረግ። ከጌትዌዩ መልስ መጥቶ ከዚህ ካልመጣ ብልሽቱ ከኩባንያው ወዲያ ነው፤ ወይም ወርኃዊ ክፍያው አልቋል። ከሁለቱም ካልመጣ አንቴናው፣ ገመዱ ወይም የተጻፉት ቁጥሮች ይጠረጠራሉ።

6ኛ/ ስም። በመጨረሻ በቁጥር ፈንታ የአንድን የታወቀ ድረ ገጽ ስም ፒንግ ማድረግ ነው። በቁጥር መልስ መጥቶ በስም «አላገኘሁትም» ካለ መስመሩ ደኅና ነው፤ የታመመው ዲ ኤን ኤስ ነው። በራውተሩ ላይ ዲ ኤን ኤሱን ለውጦ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። ብዙዎች «ኢንተርኔት ሞተ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ፒንግ ከመልሱ ጋር ጊዜም ይነግረናል። በሳተላይት የሚሠራ መስመር ላይ 600 ሚሊሰከንድ ቢታይ ብልሽት አይደለም። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኝ ሳተላይት ምልክቱ ደርሶ ለመመለስ ጊዜ ይወስዳልና ነው። በፋይበር ገመድ ላይ ሁልጊዜ 60 ይታይ የነበረ መስመር ድንገት 600 ቢሆን ግን አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው። ስለዚህ መስመሩ ደኅና በሆነበት ቀን የሚታየውን ቁጥር ጽፎ መያዝ መልካም ነው።

መ/ በቋሚ አድራሻ ላይ በብዛት የሚደርሱ እክሎች

የመጀመሪያው ከላይ የጠቀስነው ነው። በመርፌ ሲጫን ራውተሩ ከፋብሪካ እንደወጣበት ቀን ይሆናል፤ አራቱም ነገሮች ይጠፋሉ፤ ተለዋዋጭ አድራሻም መጠየቅ ይጀምራል። ኩባንያው በዚያ መስመር ተለዋዋጭ አድራሻ ስለማይሰጥ መልስ አያገኝም። በጉዴሌ በአንድ ግቢ የደረሰው ይህንኑ ያስረዳል። ጄኔሬተር ጠፍቶ ሲነሣ ገመድ ላልቶ ነበር፤ መልሶ መሰካት ይበቃው ነበር። ራውተሩ በመርፌ ስለተጫነ ግን ገመዱ ከተስተካከለም በኋላ መስመሩ አልተመለሰም። ቁጥሮቹ በማንም እጅ አልነበሩም። ባለሙያው በአምስተኛው ቀን መጥቶ አራት መስመር ጽፎ ሄደ፤ ሥራው የፈጀው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። በመካከሉ በዚያ ግቢ የርቀት ትምህርት ትከታተል የነበረች ተማሪ የቤት ሥራዋን የማስረከቢያ ቀን አልፎባታል።

ሁለተኛው አንድ አድራሻ ለሁለት መሣሪያ መሰጠቱ ነው። ምልክቱ መስመሩ አንዴ እየመጣ አንዴ እየሄደ ማስቸገሩ ነው። በቤት ውስጥ ይህ የሚደርሰው ለካሜራ ወይም ለማተሚያ መሣሪያ በእጅ 192.168.1.20 ብለን ሰጥተን ሳለ ራውተሩ ይህንኑ ቁጥር ለእንግዳ ስልክ ሲሰጥ ነው። መፍትሔው ክፍፍል ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ ራውተሩ ከ100 እስከ 200 ያሉትን ብቻ እንዲያድል አዝዞ፣ በእጅ የሚሰጡትን ከ2 እስከ 50 ማድረግ ይቻላል።

ሦስተኛው የውስጥና የውጭ ወሰን መደራረብ ነው። በአንድ ራውተር ላይ ሌላ ራውተር ስንቀጥልና ሁለቱም 192.168.1 የሚለውን ሲጠቀሙ፣ ሁለተኛው ራውተር ውስጡን ከውጩ ሊለይ አይችልም። የአንዱን የውስጥ አድራሻ ወደ 192.168.10.1 መለወጥ ይበቃል።

አራተኛው አዲስ ራውተር ሲገዛ የሚደርሰው ነው። አንዳንድ ኩባንያ አድራሻውን ከአሮጌው ራውተር መለያ ቁጥር ጋር ያስረዋል። ይህ ማክ የሚባለውና ከራውተሩ ሥር የተጻፈው ባለ 12 ምልክት መለያ ነው። ቁጥሮቹ ሁሉ በትክክል ተጽፈው እንኳ አዲሱ ራውተር አይገናኝም። ደውሎ አዲሱን መለያ ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

አምስተኛው ኩባንያው መሣሪያውን ሲያሻሽል የደንበኞችን ቁጥር መለወጡ ነው። ተለዋዋጭ አድራሻ ያለው ጎረቤት አዲሱን ራሱ ስለሚያገኝ ምንም አይሰማውም። ቋሚው ግን የድሮውን ይዞ ይቀራል። ጎረቤት በዚያው ኩባንያ እየሠራ የእኛ ብቻ ከቆመ «ቁጥራችን ተለውጧል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስድስተኛው ስልክ ላይ የሚገኝ ነው። በአንድ ቢሮ ለስልኩ ቋሚ አድራሻ በእጅ የተጻፈለት ሰው፣ ሌላ ቤት ባለ ተመሳሳይ ስም ዋይፋይ ሲገባ ስልኩ የድሮውን ቁጥር ይዞ ይገባል፤ «ተገናኝቷል» ይላል፤ ነገር ግን ምንም አይከፍትም። በስልኩ የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ ስታቲክ የሚለውን ወደ ዲ ኤች ሲ ፒ መመለስ ያድነዋል።

በመጨረሻም ዝናብና ዛፍ አሉ። አንቴናው የኩባንያውን ማማ በቀጥታ ማየት ይኖርበታል። በጋ ሲተከል ባዶ የነበረ አቅጣጫ በክረምት ባደገ የማንጎ ቅርንጫፍ ሊሸፈን ይችላል፤ ነፋስም አንቴናውን ሊያዞረው ይችላል። ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚዳከም መስመር ከሆነ ቁጥሮቹን ከመነካካት በፊት ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት ነው። መብረቅ ባለበት ሰዓት ግን ማንም ሰው ወደ ጣሪያ መውጣት የለበትም።

ሠ/ ብልሽቱ ከቤታችን ውጭ ሲሆን

ደቡብ ሱዳን የባሕር በር የላትም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከኡጋንዳ ጠረፍ እስከ ጁባ የፋይበር ገመድ ከመዘርጋቱ በፊት አገሪቱ በአመዛኙ በሳተላይት ትገናኝ ነበር። በገመዱ የሚሄደው መልእክት በኡጋንዳና በኬንያ አልፎ በባሕር ውስጥ ወደተዘረጉት ገመዶች ይደርሳል። ስለዚህ ሩቅ ቦታ የሚደርስ ጉዳት ጉዴሌ ድረስ ሊሰማ ይችላል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2024) ኢሲና ሲኮም የተባሉት የባሕር ገመዶች በተቆረጡ ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ኢንተርኔት ተዳክሞ ነበር። በዚያን ቀን ራውተሩን መነካካት ምንም አይፈይድም ነበር።

ሌላም አለ። በጥር 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2025) የአገሪቱ የመገናኛ ባለሥልጣን ፌስቡክንና ቲክቶክን የመሳሰሉ ማኅበራዊ መገናኛዎች እንዲዘጉ አዝዞ፣ ጥቂት ቀናት ቆይቶ እገዳው ተነሥቷል። እንዲህ ሲሆን ኢ-ሜይልና ሌሎች ድረ ገጾች ይሠራሉ፤ የተወሰኑት ብቻ አይከፈቱም። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ያለው ሙከራ ሁሉ አልፎ አንድ አገልግሎት ብቻ ከተዘጋ ምክንያቱ በራሳችን ሣጥን ውስጥ አይደለም።

ረ/ ወደ ኩባንያው ስንደውል

«ኢንተርኔት አይሠራም» ብቻ ብሎ የሚደውል ሰው አብዛኛውን ጊዜ «አጥፍተው ያብሩት» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ሙከራውን አድርጎ የሚደውል ግን ጉዳዩን ያሳጥራል። ስለዚህ ከመደወል በፊት የሚከተሉት ተጽፈው ይያዙ፦ የደንበኝነት ቁጥር፤ መስመሩ የተቋረጠበት ቀንና ሰዓት፤ የራውተሩ መብራቶች ሁኔታ፤ ጌትዌዩ መለሰ ወይስ አልመለሰም፤ 8.8.8.8 መለሰ ወይስ አልመለሰም። ከዚያም ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ፦ አንቴናችን ከእናንተ ዘንድ ይታያል? ክፍያችን አልፏል? የተሰጠን አድራሻ ተለውጧል? የእነዚህ መልስ ሳይታወቅ ባለሙያ አስመጥቶ ለመመላለሻና ለጣሪያ መውጫ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

ሰ/ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

መስመሩ ደኅና በሆነበት ዛሬ፣ የራውተሩን የዋን ገጽ ከፍቶ አራቱን ነገሮች በወረቀት መጻፍ ያስፈልጋል። ከጻፈው ሰው ሌላ አንድ ሰው ያመሳክረው። ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሌሎች ሰነዶች ጋር ይቀመጥ፤ ሁለተኛ ቅጂም በሌላ ሰው እጅ ይሁን። ተከራይ ቢለቅ ወይም መስመሩን ያስገባው ሰው ወደ ሌላ አገር ቢሄድ ቁጥሮቹ አብረውት መሄድ የለባቸውም። አብዛኞቹ ራውተሮች ጠቅላላ አሠራራቸውን በፋይል የሚያስቀምጡበት ክፍልም አላቸው፤ ይህም በፍላሽ ቢቀመጥ ይጠቅማል።

የውጭ ቋሚ አድራሻ ሁልጊዜ በአንድ ቁጥር የሚገኝ ስለሆነ ለሚፈልጉን ብቻ ሳይሆን ለማንፈልጋቸውም የተከፈተ ነው። ስለሆነም የራውተሩና የካሜራው የሚስጥር ቃል ከፋብሪካ እንደመጣ አይተው፤ ይለወጥ። ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማዘዝ የሚያስችለው ክፍል ካልተፈለገ ይዘጋ። ለሚደውል ለማንም ሰው የሚስጥር ቃል አይነገር። በስደት ላይ ላለ ሰው የግቢው ካሜራና መልእክቶቹ በማያውቀው ሰው እጅ መግባታቸው ከመስመር መቋረጥ የከፋ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ቋሚ አድራሻ ያለው መስመር የሚያውቀው እኛ የጻፍንለትን ብቻ ነው። ቁጥሮቹ በእጃችን ካሉ፣ በመርፌ የተጫነ ራውተር እንኳ በአሥር ደቂቃ ይመለሳል። ከሌሉ ግን በአንድ ቁራጭ ወረቀት እጦት ግቢው በሙሉ ለቀናት ይጠብቃል። ከካምፕ ወደ ጉዴሌ የምትሄዱ ወገኖቻችን ይህን ገጽ ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ መስመሩ በደኅና ሳለ ቁጥሮቹን ከቤቱ ሰዎች ጋር አብራችሁ ብትጽፉ ለቤቱም ለእናንተም ይጠቅማል።